ጳጉሜን የተወለዱት

ባለፈው ሳምንት ቡሬ በማስተምርበት ክፍል አንዲት ጀማሪ ተማሪዬ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችውን ፕሮግራም አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ቀዩ የስህተት ጽሑፍ ጠፋልኝ» አለች ደስ ብሏት። ጎንበስ ብዬ ሳይ «ትራይ» ብላ ሥራውን ጽፋለች፤ ከሥሩ «ኤክሴፕት»፣ ቀጥሎ «ፓስ»። ማለትም፦ ሞክር፤ ስህተት ከገጠመህ ምንም ሳትናገር እለፍ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ።

ፍኖተ ሰላም ሥራ የጀመርሁ ሰሞን እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። በአንድ ትምህርት ቤት የተፈታኞችን ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ ዝርዝሩ በማግስቱ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ፕሮግራሜ ደግሞ መሃል ላይ ደርሶ ይቆማል። ቀዩን ጽሑፍ እንኳ ረግቼ አላነበብሁትም። ምሳዬንም የበላሁት ቆሜ ነው። ያችኑ «ፓስ» ጻፍሁና እፎይ አልሁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

በማግስቱ ዝርዝሩን የያዘው መኪና ከሄደ በኋላ፣ ከጅጋ በኩል አንድ ቄስ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጅቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁትን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አንብባለች፤ ስሟ የለም።

«መቼ ነው የተወለድሽ?»

«ጳጉሜን ሦስት።»

«በሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ሲጥል» አሉ አባቷ።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስሁ። ፕሮግራሜ የሚያውቀው የፈረንጅ ወራትን ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ጳጉሜን የተወለዱት ላይ ሲደርስ ይጮኽ የነበረው ለዚህ ኖሯል፤ እኔ አፉን አፈንሁት፤ እሱም ስማቸውን እየዘለለ አለፈ። «ፓስ»ን አጠፋሁና የቀን ስህተትን ብቻ እንዲይዝ፣ ሲይዝም የተማሪውን ስም እንዲያወጣ አዘዝሁት። ዐሥራ አንድ ስም ወጣ። የፈረንጁ የካቲት ሠላሳ ቀን ስለማይሞላ፣ የካቲት ሠላሳ የተወለዱም ነበሩበት።

መኪናውን ልከተል ስነሣ «ባይደርሱበትስ?» አለች ልጅቱ። ካልደረስሁ ለፈተናው ዓመት ልትጠብቅ ነው።

ተጨማሪውን ዝርዝር ማኅተም አስመትቼ የቡሬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ በየመንገዱ እየቆመ በርበሬ ይጭናል፤ እኔ እያስነጠስሁ እቁነጠነጣለሁ። ቡሬ ስገባ መኪናው ምግብ ቤት በር ላይ ቆሟል፤ ዝርዝሩን የያዙት ኃላፊ የቡሬ ትምህርት ቤቶችን ዝርዝር ሲሰበስቡ አርፍደው፣ ቁርሳቸውን ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

ስመለስ ቄሱ ከነልጃቸው እዚያው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቁኛል። ስሟ ለኃላፊው መድረሱን ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ ማሽኑ የጣላትን አነሳህልኝ። ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መስቀል አሳለሙኝ። የጣልኋት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ፤ የወጣኝ ግን «አሜን» ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለተማሪዬ የነገርኋት የፕሮግራሙን ብቻ ነው፦ የምታውቂውን ስህተት ለይተሽ ያዢ፣ ሌላው ይጩህ፣ የያዝሽውንም አሳውቂ። እሷ ማስተካከል ጀመረች፤ እኔ ከመስኮት ወደ በር እመላለስ ጀመርሁ። ዛሬም አፍራለሁ። ቄሱ ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ሰምቻለሁ፤ የማይገባኝን ምርቃት ይዤ ቀረሁ።