አሁን ገና ተያዘ

ባለፈው ቅዳሜ... ሰሚት፣ የምኖርበት ግቢ በር ላይ፣ ሰው ሲዋረድ ቆሜ አየሁና ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ንዴቱ አልወጣልኝም። ማን ላይ እንደተናደድኩ ራሱ በደንብ አላውቀውም። ስሙኝና ፍረዱ።

አከራዬ ጋሽ ኤልያስ ይባላሉ። ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ እዚህ ቤት ሠርተው የገቡ ሰው ናቸው። እኔ ከግቢያቸው ሰርቪስ ቤቶች አንዷን ተከራይቼ ነው የምኖረው። ክፉ ሰው ናቸው ብል እግዜር ይታዘበኛል። ውሃ ሲጠፋ ከታንከራቸው ያስቀዱናል፣ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ሾርባ ልከውልኛል... ነገሩ የከበደኝም ለዚሁ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ሳሎናቸው ውስጥ የጸሎት ኅብረት አለን። የምስክርነት ተራ እሳቸው ጋ ሲደርስ ሁሌም ያው አንድ ታሪክ ነው። መጀመሪያ አሜሪካ እንደገቡ ዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ተቀጥረው አንዲት ትንሽ ከተማ ሄዱ። በከተማዋ ውስጥ ጥቁር የሚባል እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ። የሚከራይ ቤት አገኙና ደወሉ። አከራይዋ ሴትዮ በስልክ «ቤቱ ባዶ ነው፣ ኑና እዩት» አለቻቸው። በዚያ በረዶ ነድተው ሄዱ። ሴትዮዋ በመስኮት አየቻቸው፣ በሩን ገርበብ አደረገችና «ውይ፣ አሁን ገና ተያዘ» አለች። የሚከራይ የሚለው ሰሌዳ ግን አጥሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሲለምኗት ደግሞ «እኔ እንኳን ችግር የለብኝም፣ ጎረቤቶቼ ናቸው» አለቻቸው።

እዚህ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ኤልያስ ያለቅሳሉ። የምር፣ መሀረብ አውጥተው። «መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ጌታ ሆይ፣ የራሴ በር ከሰጠኸኝ ሰው ከበሬ አልመልስም አልኩት» ይላሉ። እኛም አሜን እንላለን። እኔማ ሁለቴ አብሬያቸው አልቅሻለሁ።

ታዲያ ከኔ ጎን ያለችው ሰርቪስ ባዶ ሆነችና ጋሼ የግቢው በር ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ለጠፉ። እኔ ደግሞ ኢምፔሪያል አካባቢ በምሠራበት ፋርማሲ አርየት የምትባል ባልደረባ አለችኝ፣ የጋምቤላ ልጅ። ያለችበት ቤት ተሸጦ ልቀቂ ተብላለች። እናቷ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ለዓይን ኦፕሬሽን ከጋምቤላ ይመጣሉ። የምታሳርፍበት ቦታ የላትም፣ ጭንቀቷን በየቀኑ አያለሁ።

ስለ ቤቱ ስነግራት ሳቀች።

«እኔኮ በስልክ እስካሁን ሰባት ቤት ተከራይቻለሁ» አለችኝ። «ስሄድ ነው የሚያዘው።»

«ጋሼ እንደነሱ አይደሉም» አልኳት። «ይቺን ነገር ቀምሰዋታል። እሳቸው ካልገባቸው ማን ይገባዋል?»

ዓርብ ዕለት ደውዬ አገናኘኋቸው። የአርየት አማርኛ ከኔ ይሻላል። ጋሼ በድምጿ ብቻ ወደዷት።

«ጌታን ታውቂያለሽ ልጄ?» አሏት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አባ። አባቴ ወንጌላዊ ነበሩ።»

«ተባረኪ። በይ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ነገ ነይና እይው።»

ስልኬን እንደመለሰችልኝ በራሷ ስልክ እናቷ ጋ ደወለች። በአኙዋክኛ ስላወሩ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ግን እየሳቀች ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

ቅዳሜ ሜትር ይዛ መጣች። ለእናቷ ዓይን ብርሃን እንዳይበዛ ወፍራም መጋረጃ ልትሰቅል፣ መስኮቱን ልትለካ።

ጋሼ ራሳቸው በሩን ከፈቱ። እኔን አይተው ፈገግ አሉ። ከኋላዬ እሷን ሲያዩ ፈገግታው እዚያው ቀረ።

«አርየት ናት ጋሼ፣ ትናንት ያነጋገሯት» አልኩ።

አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ...

«ውይ የኔ ልጅ... አሁን ገና ተያዘ።»

ቃል በቃል። ወረቀቱ በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው፣ ከትከሻቸው አጠገብ። አርየት ወረቀቱን አየችው፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ሜትሯን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ» ብላ ሄደች። የአንደበት ያለህ። ለወትሮው በሰው ነገር ገብቼ የምፈተፍት ሴትዮ፣ ያን ቀን ምላሴ የት እንደገባ እንጃ።

ከሄደች በኋላ ጋሼ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ተቆጡኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን ጋሼ?»

«እንደዚህ...» አሉና ጉንጫቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ቃሉን ግን አልጨረሱትም። «እኔ እንኳን ምንም የለብኝም። ጎረቤቱን ታውቂው የለ? ነገ ዘመዶቿ ሲመጡ ምን ይላል?»

«እናቷ ብቻ ናቸው ጋሼ። ለሕክምና ነው።» ከዚያ አላስቻለኝም። «ያቺ የአሜሪካዋ ሴትዮ ምን ነበር ያለችዎት?»

የምር ግራ ገባቸው። እያስመሰሉ አልነበረም።

«እሱና ይሄ ምን አገናኘው? እነሱ እኮ ዘረኞች ናቸው» አሉኝ። ቀጥለውም «በይ ሌላ ጨዋ ሰው ካገኘሽ አምጪልኝ» ብለው ገቡ።

ሰኞ አርየት ሥራ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር «ተይው፣ ስምንተኛው ነው» አለችኝና መድኃኒት መደርደሯን ቀጠለች። እናቷን ለጊዜው እንዳይመጡ ነግራቸዋለች። ዓይናቸው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ እሷም አታውቅም። ይሄን ስትነግረኝ አላየችኝም፣ እኔም ላያት አልቻልኩም።

ትናንት ረቡዕ ነበር። ኅብረቱ ተሰበሰበ። ተራው ጋሽ ኤልያስ ጋ ደረሰ። በረዶው፣ መስኮቱ፣ አጥሩ ላይ ያለው ሰሌዳ... «ሰው ከበሬ አልመልስም አልኩት» አሉና መሀረባቸውን አወጡ። ሳሎኑ ሙሉ አሜን አለ። የኛ በር ላይ ያለው ወረቀት ገና አልተነሳም።

እኔም አሜን አልኩ። የወር ኪራዬ ርካሽ ነው፣ ሌላ ቤት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። እውነቱን ካወራን አይቀር ይሄንንም እወቁት።

ያቺ አሜሪካዊት ቢያንስ ረቡዕ ረቡዕ አታለቅስም።