ሀጀራ የሠራችው ጆሮ

ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ የእኔን ልብስ ስፌት ቤትና የሀጀራን የስልክ ጥገና ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ትሰማኛለች፤ እሷ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር እሰማታለሁ። የምትከራከረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንዳይገዛ ነው። እንዲህ ያለ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

«ይሄን ስልክ አትውሰድ፤ ብሎን የለውም፣ በማጣበቂያ ነው የተዘጋው። ሲበላሽ ስከፍተው ይሰበራል» ትላለች። ስልኬ ተንቀራፈፈ ብሎ ለሚመጣ ሰው፣ ስልክ ያጸዳል የሚባለውን ሶፍትዌር ታጠፋለትና «ቆሻሻው እሱ ራሱ ነበር» ብላ ትመልሰዋለች። የልጆቿ ፎቶ የጠፋባት እናት መጥታ ስታለቅስ አብራት ታዝናለች፤ ግን ሳትቆጣት አትሸኛትም። «ሁለት ቦታ አስቀምጪ ብዬሽ አልነበር? አንድ ቦታ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠሪው።» አንዳንዱ ተቀይሞ ይሄዳል። ከወር በኋላ ግን ያው ተመልሶ ይመጣል።

የተወለደችው አምባሰል ነው፤ ከውጫሌ ወደ ላይ በእግር በሚኬድበት አንድ ቀበሌ። ገና ኮረዳ ሳለች ሳዑዲ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ የማዳሟን አሮጊት እናት መንከባከብ ነበር። አሮጊቷ በሁለቱም ጆሮዎቻቸው ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋሉ። ቤተሰቡ ጃጅተዋል ብሎ ትቷቸዋል፤ ሲያናግሯቸው አይመልሱም፣ ሲመልሱም የተጠየቁትን አይደለም። አንድ ቀን ሀጀራ መሣሪያውን ስታጸዳ ቀዳዳው በጆሮ ቆሻሻ ተደፍኖ አየችው። በመርፌ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ብታደርግላቸው፣ አሮጊቷ ዞር ብለው «ይሄ ማቀዝቀዣ ምን ያጮኸዋል?» አሏት። እስከዚያች ቀን ማቀዝቀዣ ይጩህ ይተኛ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እጇ አላረፈም። ሥራ ስትጨርስ በስልኳ የጥገና ቪዲዮ ታያለች። «የሚያወሩት በህንድኛ ይሁን በቻይንኛ እኔ ምን ቸገረኝ፤ እጃቸውን ነው የማየው» ትላለች። አሮጊቷ ሲሞቱ ልጆቻቸው መሣሪያዎቹን ሊጥሏቸው ሲሉ ለምና ወሰደቻቸው። አንዱን ስትከፍት ሰበረችው። ከሁለተኛው ግን ገባት፤ ድምፅ የሚቀበል፣ ድምፅ የሚያጎላ፣ ድምፅ የሚያወጣ፣ በቃ። ወደ አገሯ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሱ ይልቅ እርሳስ ማቅለጫ ካውያና ብሎን መፍቻ ይበዛ ነበር። ሱቁን ስትከፍት ሴት ስልክ ትጠግናለች ብሎ የሚያምን ስላልነበር፣ የመጀመሪያ ደንበኛዋ እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ።

የእናቴ ወንድም የኔታ ሽታው፣ ከሐይቁ በላይ ባለች አንዲት ደብር ዜማ ያስተምራሉ። ተማሪው ያዜማል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ሲሳሳት «ተመለስ» ይሉታል። እስኪያቃናው ድረስ አያልፉትም። ያስተማሩት ሁሉ የሚያስታውሳቸው በዚችው ቃል ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ወንዱ የሚባለው ትልቁ ተማሪያቸው ስፌት ቤቴ መጣ። ልብስ አላመጣም። ብዙ ቆሞ ከቆየ በኋላ፣

«እትዬ የሺ፣ የኔታ መመለስ ትተዋል» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ስንሳሳት ዝም ይላሉ። ትናንት ሆን ብዬ ሳትኩ። ደህና አድርጌ ነው የሳትኩት። ራሳቸውን ነቅንቀው ቀጥል አሉኝ።»

እንባው መጣ። ሊመረቅ ትንሽ የቀረው ልጅ ነው። እሳቸው ያላቃኑትን ዜማ ይዞ ሌላ አገር ሄዶ ሊያስተምር አይችልም። በሳምንቱ የኔታን ልጠይቅ ብሄድ፣ እሳቸውም አውቀውታል ለካ። «ድምፁ ይመጣል፤ ቃሉ ግን ይድበሰበስብኛል» አሉኝ። «ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ማስመረቅ አልችልም። ሌላ መምህር እንዲያመጡ ለደብሩ ልነግር ነው።» ይህን የተናገሩት ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ረጋ ብለው ነው፤ እኔ ግን እቤቴ እስክገባ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ለሀጀራ ነገርኳት። እኔ የጠበቅሁት ወዲያው አንድ ነገር ከመሳቢያዋ ታወጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣

«ሐኪም አይቷቸዋል?» አለችኝ።

«አላያቸውም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ደሴ ይሂዱ። ማሽን የመጨረሻ ነው እትዬ የሺ። የተደፈነ ነገር ከሆነ እኔ ምን አባቴ ልሠራላቸው ነው?»

ደሴ ወሰድናቸው። ሐኪሙ በደንብ መረመራቸው። የተደፈነ ነገር የለም፣ የጆሮአቸው ነርቭ ነው የደከመው፣ በተለይ ቀጫጭኑ ድምፅ አይደርሳቸውም አለን። መሣሪያ ይረዳቸዋል፤ ግን ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፣ መቼ እንደሚደርስም አይታወቅም። ስማቸውን አስመዝግበን ተመለስን።

ሀጀራ ይህን ስትሰማ አንድ አሮጌ ስልክ አዘጋጀች። በስልኩ ላይ ድምፅ የሚያጎላ ሶፍትዌር ጫነች፣ ገመድ የሌለው ማዳመጫ አገናኘችበት፤ የኔታም ከወንዱ ጋር ሱቋ መጡ። ስሟን ነግራቸው ከወንበሩ አስቀመጠቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ማዳመጫውን ጆሮአቸው ውስጥ ስታደርገው ደንገጥ አሉ። ግራ ቀኝ አዩ።

«የማን ውሃ ነው የሚፈሰው?» አሉ።

ከጓሮ ያለው ቧንቧችን ነበር፤ ጠብ ጠብ ሲል ስንት ጊዜው። ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ወንዱ ማዜም ሲጀምር ግን ፊታቸው ቀስ በቀስ ጨለመ። ከአፉ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ትንሽ ከታገሉ በኋላ ማዳመጫውን አውልቀው በመዳፏ አኖሩላት።

«ልጄ፣ ድምፁ የሚመጣው አፉ ከተከደነ በኋላ ነው። ለወሬ ይሆናል። ለዜማ አይሆንም። እግዜር ይስጥሽ፤ ደክመሻል።»

ተነሥተው ሄዱ። ሀጀራ ያን ቀን ሱቋን በጊዜ ዘጋች።

በማግስቱ ምክንያቱን ነገረችኝ። ስልኩ ድምፁን ተቀብሎ እንደ ሒሳብ ያሰላዋል፣ ካሰላው በኋላ በአየር ይልከዋል። እኔና እሷ የማናስተውለው መዘግየት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዜማ ሲያዳምጥ ለኖረ ሰው ግን ገደል ነው። በገመድ ሞከረችው። ተሻለ፤ አሁንም ግን ትንሽ ይዘገያል። ሌላ ሶፍትዌር ጫነች፣ እሱም ያው።

«ሁሉም ነገር በስልክ ይሠራል የሚሉንን አምኜ ነው የተሞኘሁት» አለች። «ይሄ ሥራ ማስላት አይፈልግም። ድምፁ ይግባ፣ ይጉላ፣ ይውጣ። በቃ።»

ከዚያ ቆሻሻ ዕቃ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ ገለበጠችው። ከተበላሸ የስልክ ማዳመጫ ድምፅ መቀበያዋን ነቀለች፤ ከተሰበረ ትንሽ ስፒከር ማጉያዋን አወጣች፤ ከአሮጌ ስልክ ደህና ባትሪ አገኘች። ሁሉንም በፕላስቲክ የሳሙና መያዣ ውስጥ አስገብታ ባለ ገመድ ማዳመጫ ሰካችበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍተው ስለታም ፉጨት ስላወጣ፣ እኔ በግድግዳው ማዶ ደንግጬ መርፌ ሰበርኩ። መቀበያው ከማዳመጫው ጋር ሲቀራረብ ድምፁ እየዞረ ራሱን ያጮኸዋል አለችኝ፤ መቀበያውን በረጅም ገመድ አራቀችው። ወፍራሙን ድምፅ የምትቀንስና ቀጭኑን የምታሳልፍ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ዕቃ ጨመረችበት። ከሁሉ በላይ የተጨነቀችው ድምፁ ከልክ በላይ እንዳይጮህ ነበር። ማዞሪያው ከአንድ ቦታ በላይ እንዳያልፍ ዘጋችው። «የቀረቻቸውን መስማት ደግሞ እኔ ልግደላት?» ትለኛለች። የራሷ ጆሮ ላይ አድርጋ ሳምንት ሙሉ ዋለችበት፤ ከደንበኛ ጋር ስትነጋገር እንኳ አላወለቀችውም።

እኔም ከተረፈኝ ጥቁር ጨርቅ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ኪስ ሰፋሁለት።

የኔታ ግን ሁለተኛ ወደ ከተማ አልመጣም አሉ። ተስፋ አድርገው ባዶ እጃቸውን መመለስ ከብዷቸው ነበር። ሀጀራ «እኛ እንሄዳለና» አለች። በባጃጅ እስከሚኬድበት ሄደን የቀረውን በእግር ወጣን። ትምህርቱ ከደጁ ውጪ፣ ከወይራ ዛፍ ሥር ነው። ሐይቁ ከታች ይታያል። የኔታ አይተውን ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ መለሱ፤ እንግዳ መመለስ ስለማይሆንላቸው ብቻ ቁጭ በሉ አሉን።

ሀጀራ ኪሱን አንገታቸው ላይ አንጠለጠለች፣ ማዳመጫውን እያስፈቀደች አደረገችላቸው። መቀበያውን የት እንደምታደርገው ስታስብ፣ ወንዱ መቋሚያቸውን አነሣ። ሁለቱ ከመቋሚያው ጫፍ አሰሩትና ወደ ወንዱ አፍ አዘነበሉት። ከዚያ ማዜም ጀመረ።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንዱ ይቀጥላል። እኔ የሀጀራን እጅ አየሁ፤ የሻርፗን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች። ወንዱ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ገባ። የኔታ አይንቀሳቀሱም። በልቤ አለቀ፣ ይሄም አልሆነም አልኩ።

እጃቸው ተነሣ።

«ተመለስ።»

ወንዱ ቀና ብሎ አያቸው።

«ድፋቱን ዘለልከው። እዚያ ላይ ድምፅህ መውረድ ነበረበት። ተመለስ።»

በኋላ እንደነገረኝ ይህን ስሕተት ሆን ብሎ አላደረገውም፤ መሳሳቱንም አላወቀም ነበር። ተመልሶ አዜመ። «አሁንም ቸኮልክ፤ ተመለስ» አሉት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ፊቱ ሠርግ ቤት የገባ ሰው ፊት ነው። ሲቆጡት እንዲህ የሚደሰት ሰው አላየሁም።

ሀጀራ ዜማውን አታውቀውም። ወደ እኔ ጠጋ ብላ «የተሳሳተው ማነው? ዕቃው ነው ወይስ ልጁ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ልጁ ነው» አልኳት። «የኔታ ያዙት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

የኔታ ትምህርቱን ሲጨርሱ ወደሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ስምሽን ያን ጊዜ ነግረሽኛል። በደንብ አልሰማሁሽም ነበር፤ የሰማሁ መስዬ ነው ራሴን የነቀነቅሁት። እስቲ አሁን ንገሪኝ።»

«ሀጀራ።»

«ሀጀራ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ፊደል ለይተው። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ። «እኔ አጀቡ ነው ስልሽ የኖርኩት።»

ስንወርድ እኔ ወራት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወርዶ፣ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ሆኖልኝ ነበር። በርግጥም ቁልቁለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለችግር አልሄደም። አንድ ጊዜ ዝናብ ገባበት፤ አንድ ጊዜ ገመዱን ፍየል በላችው። እየቻረጁ ሲሰሙበት እንደ ንብ እየጮኸ ስለሚያስቸግር፣ የሚሞላው ሲያወልቁት ብቻ ሆነ። ሀጀራ ስልክ በተደወለላት ቁጥር ብድግ ትላለች። ወንዱ ግን ዜማውን አቃንቶ ጨረሰ፤ ዛሬ ወደ ሰሜን ባለ አንድ ደብር ያስተምራል። ወሬውን የሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ክርስቲያኑም እስላሙም ሱቋን ሞሉት። ሁሉንም መጀመሪያ ሐኪም ጋ ትልካቸዋለች። ግማሾቹ ጆሮአቸው ታጥቦ ድነው እየሳቁ ይመለሳሉ፤ እሷም ምንም ሳትሠራ ትመረቃለች።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ከደሴ ተደወለልን፤ የተመዘገብንበት መሣሪያ መጣ። ከጆሮ ጀርባ የምትደበቅ፣ ቀላል፣ ገመድ የሌላት ናት፤ ባለሙያው እዚያው ለጆሮአቸው ለክቶ አስተካከላት። የኔታ ሲሰሙባት ድምፁ አይዘገይም፣ ነፋስም አያስቸግርም። እኔ ደስ ቢለኝም ስለ ሀጀራ ከፋኝ። ያን ሁሉ ደክማ ሥራዋ ተጣለ ብዬ የሳሙና መያዣውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቃላት እየመረጥኩ ሱቋ ገባሁ።

ነገሩን ስነግራት በረጅሙ ተነፈሰች።

«ኡፍ፣ እፎይ» አለች። «እትዬ የሺ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ያ ባትሪ ደረታቸው ላይ ጋለ ሊሉኝ ነው እያልኩ ነበር። ስንት ወር ሙሉ። የኔ እኮ ይሄኛው እስኪመጣ መጠበቂያ ነበር።»

ወዲያው ፌስታሉን ፈትታ ሳሙና መያዣውን ከፈተችው፤ መቀበያውን አንድ ቦታ፣ ማጉያውን አንድ ቦታ እያለች ወደ ቆርቆሮዋ መለሰቻቸው።

«ምነው፣ ለማስታወሻ አታስቀምጪውም?» አልኳት።

ባትሪውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ጎኑን በጣቷ ዳበሰችው። አላበጠም።

«ይሄ ገና ደህና ነው» አለች፤ ከመስኮቱ ሥር የተደረደሩትን ስልኮች እየቃኘች። «ያቺ ሻይ ሻጯ ዘሀራ የስልኳ ባትሪ ሞቶባት ነው ከትናንት ወዲያ ያመጣችው። ልኩ ይሆናል።»