ሰውየው የት አለ?

ሠላሳ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የዘፈንኳቸው ዘፈኖች ሁሉ መልእክታቸው አንድ ነበር፤ አትጨነቁ። ስለ ባጃጅ ዘፍኛለሁ፤ ስለ ፍኖተ ሰላም ቆነጃጅት ዘፍኛለሁ፤ ተኝቶ ስለ ማርፈድ ደግሞ ሁለት ጊዜ ዘፍኛለሁ፣ የመጀመሪያውን ስለረሳሁት። ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለ ሰርግ ያለ እኔ አይደምቅም ይባል ነበር። ይህን የምለው እኔው ነበርኩ። ገበሬው አባቴ የባጃጁን ዘፈን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አዳመጠና፣ እንዲያው ይኸ ነገር መቼ ነው የሚያልቅ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ አስተያየት ሰጥቶኝ አያውቅም።

አባቴ በሚያዝያ የሞተ ቀን እኔ ቡሬ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ስልክ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲሆን ስለሚንጫጫ አጥፍቼ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ነበር። ሰርጉ ሲበተን ከፈትኩትና ሰማሁ። መንደር የደረስኩት ከቀብር በኋላ ነው፤ ከነቢጫ ሸሚዜ።

እናቴ አልቃሽ ናት። በአካባቢው ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የምትጠራው እሷ ናት። በእኛ ዘንድ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር አልቃሿ ለሟቹ በዜማ ትነግረዋለች፤ እገሌ መጣልህ ትለዋለች። ያን ቀን ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣ የሩቅ ዘመድ፣ በድንበር የተካሰሰን ጎረቤት ሳይቀር መምጣቱ ለአባቴ ተነግሮለታል። እኔ ስገባ አየችኝ። ዜማዋን አቋርጣ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ ከኋላዬ የገባውን ሰው መምጣት ለአባቴ ነገረችው። በለቅሶው ደንብ ከሄድን እኔ አልመጣሁም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እሷም ነገሩን አላነሳችው፣ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

በዚህ ጊዜ ለመብሰል ወሰንኩ። መብሰል እንደሚባለው ከባድ አይደለም። ጢም አሳደግኩ፤ ዓይኔ ደህና ቢሆንም መነጽር ገዛሁ፤ እየዘለልኩ እዘፍን የነበርኩት ሰውዬ ጊታር ይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ዘመን»፣ «ጥላ»፣ «ነፍሴ» የሚሉ ቃላት የበዙበት፣ ለአባቴ መታሰቢያ የሚሆን የሰባት ደቂቃ ዘፈን ደረስኩ። ዜማው በአንድ ከሰዓት በኋላ ስለመጣልኝ በተሰጥኦዬ ተገረምኩ። ኪቦርድ የሚጫወትልኝ ጓደኛዬ አዝማቹ የቱ ጋ እንደሆነ ሲጠይቀኝ አዘንኩለት። ቲክቶክ ላይ አንድ ሰው «አሁን በሰልክ» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ የጻፈ የለም፤ ለእኔ ግን አንዱም በቂ ነበር።

በጥር ወር ደምበጫ አጠገብ ባለ ገጠር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙሽሮቹ በተቀመጡበት ዳስ ውስጥ ይህንኑ ዘፈን ለቀቅኩት። ሕዝቡ ጭፈራ ብቻ ስለሚቀርብለት ጥቂት ጥበብ ቢያገኝ ብዬ ነው። ትንሽ እንደሄድኩ ሴቶቹ እልልታቸውን አቆሙ። ከዚያ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። አጠገባቸው ያሉት ተከተሉ። ብዙም ሳይቆይ ግማሹ ዳስ ደረቱን ይመታ ጀመር፤ ሙሽራዋም የሞተው ከማን ወገን እንደሆነ ሳታውቅ አለቀሰች። እኔ ሰው እንዲህ ነክቼ ስለማላውቅ ዓይኔን ጨፍኜ ቀጠልኩ። አንድ ሽማግሌ ጊታሩን በዱላቸው ነካ አደረጉና፣ «ልጀ፣ ማን ሙቶ ነው?» አሉኝ። ማንም እንዳልሞተ ነገርኳቸው። ታዲያ የእናትህን የለቅሶ ዜማ ሰው ሰርግ ላይ ምን አመጣው አሉኝ። እሳቸው ዜማውን ከሦስት ቀብር ላይ ያውቁታል፤ እኔ ከልጅነቴ ስሰማው ኖሬ የራሴ መስሎኝ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። እናቴ ግቢ ውስጥ ለዘር የሚሆን ባቄላ ስትለቅም አገኘኋትና እስኪ አሰማኝ አለችኝ። ስልኩን ከፈትኩላት። ሰባቱንም ደቂቃ እጇን አጣጥፋ አዳመጠች።

«ዜማው ደህና ነው» አለች። «ሰውየው ግን የት አለ?»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

«እኔ ትላለህ፣ ነፍሴ ትላለህ። አባትህስ? የሚያርስበት የግራ በሬው ስም ማን ነበር?»

አላውቅም። በአባቴ በሬዎች ታርሶ የበቀለ እህል በልቼ ነው ያደግኩት። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ መነጽሬንም አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

እሷ ለቅሶ ቤት ከመሄዷ በፊት ስለ ሟቹ ጎረቤቱን ታጠያይቃለች፤ ከማን ጋር ያርስ ነበር፣ በምን ይስቅ ነበር፣ ማንን ተቀይሞ ነበር። ሰውን ሳያውቁት ማልቀስ ነውር ነው አለችኝ። እኔም ስለ አባቴ ላጠያይቅ ሄድኩ። ለዓመታት አብረውት በወንፈል፣ ተራ በተራ እየተጋገዙ ያረሱ አዛውንት የበሬውን ስም ነገሩኝ። አባቴ እርፍ ይዞ ሲያርስ የእኔን የባጃጅ ዘፈን ያንጎራጉር እንደነበርም ነገሩኝ። መጨረሻውን ስለማያውቀው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምረው ነበር አሉ። እዚያው ማሳው ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

በሙት ዓመቱ ጊታር አልያዝኩም። ያኔ መግባት እንደነበረብኝ፣ ከመንገዱ ጀምሬ በእናቴ ዜማ እያለቀስኩ ግቢያችን ገባሁ። የግራ በሬውን በስሙ ጠራሁት። መጨረሻው ስለጠፋበት ዘፈንም ለአባቴ ነገርኩት። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እሱ ወደተቀበረበት አዞረች።

«ልጅህ መጣልህ» አለችው።