በጥቁር ውሃ ዳር ጉሬዛ ስንቆጥር

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ከአዋሳ ሐይቅ ዳር የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሾፌራችን ጋሼ መኮንን፣ የሥራ ባልደረባዬ በቀለና እኔ ነን። ሥራችን በጥቁር ውሃ ወንዝ ዳርና ዳር የሚኖሩትን ጉሬዛዎች መቁጠር ነው። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ የሁለታችንን የይለፍ ወረቀት ከደረት ኪሴ ሳላወጣ ሦስቴ ዳሰስኩት።

"ማህተሙን በመዳሰስ ልታጠፋው ነው እኮ" አለኝ በቀለ።

1 ሰዓት፣ ድልድዩ

የኬላው ጠባቂ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ሳቀ። "ሰው ሥራ አጥቶ ጉሬዛ ይቆጥራል?"

አሳለፈን። ከድልድዩ ስር በስሙኒ የገዛነውን ሙዝ በልተን ተለያየን። በቀለ በግራ ዳር፣ እኔ በቀኝ ዳር እንሄዳለን። ጉሬዛ በቅርንጫፍ ስለሚሻገር በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ካልተቆጠረ አንዱን ሁለቴ መጻፍ ይመጣል። ደብተሩ ለጉሬዛ ብቻ ስለሆነ የእንስሳውን ስም አንጽፍም፤ ቦታውንና "ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ" ብለን ቁጥሩን ብቻ ነው የምንጽፈው።

4 ሰዓት

ሾላ ዛፍ ላይ ረጃጅም ነጫጭ ጭራዎች ተንጠልጥለዋል። ወንድ ሁለት ብዬ እየጻፍኩ እጄ ኪሴን ነካ። የሁለታችን ወረቀት እኔ ጋ ነው! በቀለ ማዶ ነው፤ አንገቱ ላይ አቅርቦ ማሳያ መነጽር፣ እጁ ላይ ደብተር፣ ኪሱ ባዶ። ተጣራሁ፤ የመለሰልኝ የለም።

በ6 ሰዓት ከማዶ ብቅ ሊል ተቀጣጥረን ነበር፤ አልመጣም። ሮጬ ወደ ድልድዩ ተመለስኩና መኪናው ጋ ከቀሩት ጋሼ መኮንን ጋር ተሻገርን።

8 ሰዓት

በቀለን ያገኘነው ግራር ስር ተቀምጦ፣ ጠመንጃ የያዘ ሚሊሻ ከጎኑ ቆሞ ነው። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር አቶ ዳንጊሶ ደብተሩን ይዘዋል።

"ወንድ ሁለት፣ ሴት አራት፣ ልጅ ሦስት ይላል። የማንን ቤት ነው የጻፈው?"

"የጉሬዛ ነው አቶ ዳንጊሶ። ይኸው ወረቀታችን፣ ይመልከቱት።"

አነበቡት። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

"እኔ አመንኩ። ልጆቻችን ግን ለውትድርና የሚመዘግብ መጣ ብለው ከጠዋት ጀምሮ ቄጠማ ውስጥ ገብተዋል። የኔም ልጅ አለ። እዚያ ጉማሬ አለ። ብጠራቸውም አስገድደውት ነው ብለው እምቢ ይላሉ። እነሱ ሳይወጡ ይሄ ሰው አይሄድም።"

እናቶች ዳር ላይ ቆመው ቄጠማውን ያያሉ። በቀለ ወደ እኔ አየ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ለእሱም ለልጆቹም።

"እንግዲያው ላንብብላቸው" አለ።

ውሃው ዳር ቆሞ ጮኸ። "ግራሩ ጋ፣ ጉሬዛ! ወንድ ሁለት! ሴት አራት!" አቶ ዳንጊሶ በሲዳምኛ ይደግሙታል። ምንም የለም። ሁለተኛውን ገጽ ገልጦ ያልጻፈውንም፣ በዓይኑ ያየውን ጨመረበት። "ጭራው የተቆረጠ ወንድ ጉሬዛ፣ አንድ!" ድምፁ ሻከረ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለ አንድ የጉሬዛ ጠብ ሲያወራ፣ ከቄጠማው ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ።

መጀመሪያ አንዱ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ወጣ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አቶ ዳንጊሶ ልጃቸውን ትከሻውን ይዘው ደብተሩን ለበቀለ መለሱለት።

እኔ በልማድ እርሳሴን አውጥቼ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ጀምሬያለሁ። አንዲት እናት እጄን አየችው። እርሳሱን ኪሴ ከተትኩ። ያን ቀን ከቄጠማው ስንት ልጅ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።