ከፊቴ አልሮጥ ያለው ወታደር

ሯጭነትን የጀመርኩት ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከወታደር መኪና ወርጄ ቁምጣ ልበስ በተባልኩበት ጠዋት ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም ገና አሥር አለቃ ነበርኩ። የስፖርት ክፍላችን ኃላፊ ሻምበል አስፋው “ከዛሬ ጀምሮ የዘብ ተራ የለብህም፤ ሥራህ መሮጥ ነው” አሉኝ። ወዴት እንደምሮጥ ብጠይቃቸው በእጃቸው ወደ ተፍኪ አመለከቱና “ወደዚያ፤ ከዚያ ደግሞ ወደዚህ” አሉ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስለ ሥራዬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሰጠኝ አለቃ አልነበረም።

ለእኔ እንኳ እንዲህ ከሆነ ለሌላው ማስረዳት እንዴት እንደነበር ገምቱት። የባለቤቴ እናት ዓለም ገና ነበር የሚኖሩት። በደጃቸው ስሮጥ አይተውኝ ኖሮ፣ እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ “ምን አጥፍተህ ነው የሚያስሮጡህ?” አሉኝ። ሥራዬ ነው አልኳቸው። “ቅጣት መሆኑንማ አውቄያለሁ፤ ስንት ወር ፈረዱብህ?” አሉ። አላጠፋሁም ብል አያምኑም፣ አጥፍቻለሁ ብል ልጃቸውን ሊወስዱብኝ ነው። ምሳዬን በላሁ።

ቡራዩ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ዳገት የምንለማመደው እዚያ ነው። አንድ ቀን ሌባ የምናባርር መስሏቸው ገበሬዎች ዱላ ይዘው ተከተሉን። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጋቢውን እንዳጣፋ፣ ሁላችንንም ጥሎን ዳገቱን ወጣ። ሻምበል ከላንድሮቨራቸው መስኮት ብቅ ብለው “ያንን ሰው ያዙልኝ!” ብለው ጮኹ። ሊቀጥሩት ነበር። ሰውየው ግን ይህን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበትና ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሻምበል ለወራት በዚያ ባለፍን ቁጥር አንገታቸውን እያስረዘሙ ዛፉን ያዩ ነበር።

የሥራ መሣሪያችን ብዙ አልነበረም። ሻምበል አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የሩጫ መቁጠሪያ ሰዓትና ፊሽካ፣ እኛ የሸራ ጫማና ብብታችንን የምንቀባው ቫዝሊን፤ ሌላ የለም። ለፍጥነት የሰበታን ሜዳ፣ ለጉልበት የቡራዩን ዳገት እንሮጣለን። ረጅሙን መንገድ የምንሮጠው ሱሉልታ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሳንባ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ይህን ወጣቶቹ ዛሬም ያውቁታል።

ደበላ የመጣልን ከዚያው ከሱሉልታ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ሆኜ የልምምዱ መሪ ነበርኩ። እሱ ተራ ወታደር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ የማይመስል። በሁለተኛው ሳምንት፣ የአባቱ ቤት አጠገብ ስንደርስ፣ እኔን አልፎ ሄደ። ደስ አለኝ። የሚያልፈኝ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት፤ ዕድሜዬ እየሄደ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የደበላ አባት ኦቦ ጉርሜሳ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ሙክት በግ እየጎተቱ የጦር ሰፈራችን በር ላይ ቆሙ። “አካም ቡልቴ፣ ልጄ” አሉኝ። ደህና ማደሬን ነገርኳቸውና ምን እግር እንደጣላቸው ጠየቅኳቸው።

“ልጃችን በድሎሃል። ታላቁን ጥሎ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት። ከብት የሚጠብቅ እንኳ ሽማግሌ ሲያይ መንገድ ይለቃል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶህ ሄደ። ይቅር በለን።”

“ኦቦ ጉርሜሳ፣ እሱ እኮ ሥራው ነው። የተቀጠረው ሊቀድም ነው።”

“ኤዬ፣ ሥራውን ይሥራ። ከኋላህ ሆኖ ይሥራ።”

ፈጥኖ ስለሮጠ ሰው ይቅርታ የተጠየቀ ሃምሳ አለቃ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ብለምን፣ ባስረዳ፣ አልሆነም። ሽማግሌዎቹ ይቅር ብያለሁ ካላልኩ አንሄድም አሉ። በመጨረሻ ይቅር አልኩ። ደበላ ጉልበቴን ስሞ ሁለተኛ እንደማይደግመው ቃል ገባ። እኔ የምፈልገው ደግሞ እንዲደግመው ነበር።

ለሻምበል አቤት አልኩ። እሳቸው ግን በነገሩ ደስ አላቸው። “ሥነ ሥርዓት ማለት እንዲህ ነው፤ ከአሁን ወዲያ በልምምድ ላይ ሁሉም በማዕረጉ ቅደም ተከተል ይሩጥ” ብለው ደንብ አወጡ። በውድድር ላይስ ምን ይሆናል ብላቸው “ውድድር ሌላ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ይሮጣል” አሉ። እንዴት ሆኖ? የሰው እግር ዓመቱን ሙሉ የለመደውን በአንድ ቀን ይረሳል? ይህን ጠየቅኳቸው። ሙክቱ ጥሩ ሥጋ ነበረው አሉኝ።

ደበላ ዓመቱን ሙሉ ከኋላዬ ሮጠ። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። ትንፋሹን እንኳ አልሰማውም፤ እኔ እንደ በሬ እያለከለክሁ እሱ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ደሜ ይፈላ ነበር። አንዳንዴ ሆን ብዬ ቆሜ ጫማዬን እፈታለሁ። እሱም ይቆማል። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን ሊያስርልኝ ሞከረ።

ከዚያ የውጭው ግብዣ መጣ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በማራቶኗ ዓለም የሚያውቃት የባሕር ማዶ ታላቅ ከተማ ናት። ለመሮጥ የተላክነው ደበላና እኔ ነን፤ ሻምበልም አብረውን ይሄዳሉ። ልንሄድ ስንል ሻምበል ጠሩንና ቁርጡን ነገሩን። እኔ ከዚህ ውድድር በኋላ አሰልጣኝ ነኝ። ደበላ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣ በስፖርት ክፍሉ ይቀራል፤ ካልወጣ ግን ወደ ጠረፍ ጦር ይዛወራል። በጀት የለም አሉ።

ደበላ ካገባ ዓመት አልሞላውም። ሚስቱ ጫልቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰፈር ወጥቶ ሱሉልታ ያድራል። ከጠረፍ ግን ሰው በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ያውም ወባ ካልያዘው። ማታ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ “ጌታዬ፣ ስወልድ እዚህ ሁን ብላኛለች” አለኝ። “እንግዲያው ቅደም” አልኩት። “እሺ ጌታዬ” አለ። ያንን እሺ ማመኔ።

ውድድሩ ተጀመረ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው እንደ አጥር ቆሟል፤ ከየሰገነቱ ላይ ጨርቅ ያውለበልባል፣ ያጨበጭባል። ደበላ ለሚያጨበጭብለት ሁሉ አንገቱን ዝቅ እያደረገ እጅ ይነሳል። “ተው፣ ሩጥ” አልኩት። “ተነስተው እኮ ነው የተቀበሉን” አለኝ። ሰዎቹ መቀመጫም አልነበራቸውም።

ውሃ የሚታደልበት ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሌላው ሯጭ ኩባያውን ነጥቆ ያልፋል። የእኔ ጉድ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ ከዚያ ተስፈንጥሮ ይደርስብኝና ኩባያውን ወደ እኔ ይዘረጋል። “ይቅመሱ” ይለኛል። በማራቶን መካከል! ካልጠጣሁ አይጠጣም። ስለዚህ ሳይጠማኝ ጠጣሁ፤ ሆዴ ውስጥ ውሃው እየተንቦጫቦጨ ሮጥኩ።

ያም ሆኖ ጥሩ ሮጥን። መንገዱ ሊገባደድ ሲቃረብ ከፊታችን አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ደክመዋል፣ ጀርባቸው ይታያል። እዚያ ላይ የግራ እግሬን ጅማት ያዘኝ። ማነከስ ጀመርኩ። ደበላም ከኋላዬ ቀነሰ።

“እለፈኝ” አልኩት።

“አይገባም ጌታዬ።”

“ደበላ፣ ሚስትህን አስብ። እለፍ።”

“ይድናል ጌታዬ፤ ቀስ ብለን እንሂድ።”

“ይኼ ትእዛዝ ነው!”

“ከውድድሩ በኋላ ይቅጡኝ።”

ከመንገዱ ወጥቼ አንድ ሱቅ በር ላይ ተቀመጥኩ። ታላቁ ከፊቱ ከሌለ ይሄዳል ብዬ ነው። እሱም ወጥቶ አጠገቤ ተንበረከከና እግሬን ማሸት ጀመረ። ሕዝቡ አዘነልን፤ አንዲት ሴትዮ ብርቱካን ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔ ማልቀስ ብቻ ነው የቀረኝ። ከፊታችን ያሉት እየራቁ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ሌሎች ሊደርሱብን ነው፤ እሱ ብርቱካን ሊልጥልኝ ነው።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የታየኝ። በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን ጥሎ የሚሮጥበት አንድ ምክንያት አለ፤ ሲላክ። የተላከ ሰው ቢቀድም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ቢዘገይ ነው ነውሩ።

“ወታደር ደበላ” አልኩት፤ “ሻምበል ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ቆመዋል። ሃምሳ አለቃ ተሰማ ግራ እግሩን ጅማት ይዞታል፣ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ወጌሻ ይዘጋጅለት ብለህ ንገራቸው። ፍጠን።”

“እሺ ጌታዬ!” አለና ብርቱካኑን እጄ ላይ አስቀምጦ ተነሳ።

እንዲህ ያለ ሩጫ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ታስሮ የኖረው እግር ተፈታ። እኔ ካለሁበት እስከ መታጠፊያው ሳይደርስ አንዱን አለፈ። መታጠፊያው ላይ ሁለተኛውን። ተነስቼ በአንድ እግሬ ቆሜ ጮኽኩ። ሦስተኛ ሆኖ ከዓይኔ ተሰወረ፤ አበቃ፣ ልጁ ሲወለድ አባቱ ቤት ነው አልኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያየሁት አይደለም፤ ሻምበል በአውሮፕላን ላይ ራሳቸውን እየያዙ ደጋግመው የነገሩኝ ነው። ደበላ ሦስተኛ ሆኖ፣ ከኋላው ያለውን ርቆት መጣ። ሻምበል ከመስመሩ ትንሽ ወዲህ፣ ከገመዱ ጥግ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ደበላ አያቸው። ፊታቸው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ተረከዙን አጋጨ፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ።

“ጌታዬ፣ ከሃምሳ አለቃ ተሰማ የተላከ መልእክት አለ።”

“መስመሩን እለፍ!” አሉ ሻምበል።

“ግራ እግራቸውን ጅማት ይዟቸዋል።”

“እለፍ አልኩህ! መስመሩን!”

“መልእክቱ አላለቀም ጌታዬ። ቀስ ብለው ይመጣሉ። ወጌሻ ይዘጋጅ ብለዋል።”

ወጌሻ ይዘጋጅ የሚለው ላይ ሲደርስ አንዱ በጎኑ አልፎት ገባ። ደበላ መልእክቱን ጨርሶ፣ እጁን አውርዶ፣ መስመሩን አለፈ። አራተኛ ወጣ።

እኔ እያነከስኩ ስደርስ ወጌሻው ቅባት ይዞ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ደበላ እየሳቀ ተቀበለኝ። “አድርሻለሁ ጌታዬ” አለኝ። ምን ይባላል? “ጎበዝ” አልኩት።

አገር ቤት እንደገባን ሻምበልን ለመንኳቸው። ቆሞ ነው እንጂ ሦስተኛ ነበር፣ አንድ ጊዜ ይታለፍ አልኳቸው። “ደንቡ ከሦስት ውስጥ ነው” አሉ። ደንብ ያከበረ ሰው ነው በደንብ የሚቀጣው ብዬ ተናገርኩ፤ ከቢሮ ውጣ ተባልኩ። በሳምንቱ ደበላ በወታደር መኪና ወደ ጠረፍ ሄደ። ቤቱ ደርሶ የሚሰናበትበት ጊዜ ስላልሰጡት ሱሉልታ ወርጄ የምነግራቸው እኔ ሆንኩ።

ኦቦ ጉርሜሳ አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ አዳመጡኝ።

“መልእክቱን አደረሰ?” አሉኝ።

“አደረሰ።”

“ቃል ሳያጎድል?”

“አንድም ሳያጎድል።”

“ታዲያ ልጄ ምን አጠፋ?”

ጫልቱ ሆዷ ገፍቶ በሩን ተደግፋ ትሰማን ነበር። “ስንተኛ ወጣ?” አለችኝ።

“አራተኛ።”

“ስንተኛ ነበር የተባለው?”

“ሦስተኛ።”

ወደ ውስጥ ገባች። በወሩ ወንድ ልጅ ወለደች። አባቱ ያየው ድክ ድክ ሲል ነው።

እኔ አሰልጣኝ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አዲስ ሯጭ ሲመጣልኝ፣ መኮንንም ይሁን ተራ ወታደር፣ በመጀመሪያው ቀን ሱሉልታ አውርጄ እኔን እንዲያልፈኝ አደርጋለሁ። አልፎኝ ዞሮ ይቅርታ ከጠየቀ እንደገና አስነሳዋለሁ። ሻምበልም ቢጮኹ፣ ሽማግሌም ሙክት ይዞ ቢመጣ፣ ይህን ልምምድ አንድ ቀን አላስቀረሁም። ከሯጭ ጋር ወሬ ያለው ሰው ደግሞ ከመስመሩ ወዲያ ይቁም።