የምልኬሳ አስተያየትና የጋሽ ዲበኩሉ ምርቃት

ምልኬሳ አዳማ ውስጥ ላፕቶፕ ሲጠግን አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራው። የአዳማን ንፋስ ያየ ያውቀዋል፤ ጠዋት በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በጣት ስም ይጻፍበታል። ላፕቶፖቹም የሚታፈኑት በዚሁ አቧራ ነው።

የላፕቶፖቹ አሠራር ግን ያንገበግበዋል። አየር የሚስቡበት ቀዳዳ ሆዳቸው ላይ ነው፤ ከተቀመጡበት አቧራውን ይምጋሉ። በዚያ ላይ የአዲሶቹ ፋይል መያዣ ከዋናው ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል። ማዘርቦርዱ ሲሞት ፋይሉም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ለሠሪዎቹ ይጽፋል። ድረ ገጻቸው ላይ "አስተያየትዎን ይስጡን" የሚል ቦታ አለ። እንግሊዝኛውን የምታስተካክልለት ጎረቤቱ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ኑኃሚን ናት።

"ዛሬም የፍቅር ደብዳቤ ነው?" ትለዋለች።

"ባክሽ ጻፊ። ፋይል መያዣውን በብሎን እሰሩት፣ የሚፈታ ይሁን በያቸው።"

በላኩ በደቂቃው መልስ መጣ። ውድ ደንበኛችን፣ ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል።

"ወይ ጉድ! ሁለት ገጽ እኮ ነው፣ መቼ አንብበው ጨረሱት?" ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። በዓመቱ አዲሱ ሞዴል ሲመጣ ፈታው። ቀጥኗል እንጂ ሆዱ ያው ነው፤ ብሎን የነበረበትም ቦታ በሙጫ ተጣብቋል።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እትዬ ፀዳለ ከእነዚሁ ላፕቶፖች አንዱን ታቅፈው መጡ። ባላቸው ጋሽ ዲበኩሉ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። ታመው ሳሉ የልጃቸው የሌንሳ ሠርግ ላይ እንደማይደርሱ ገባቸው። በር ዘግተው ምርቃታቸውን ላፕቶፑ ላይ ቀዱ፤ "ለሠርጓ ቀን ነው፣ ከዚያ በፊት ማንም እንዳይከፍተው" አሉ። ማንም አልከፈተም፤ ማንም ኮፒ አላደረገም።

"አንድ ቀን እንኳ አጥፍቼው አላውቅም፣ ድምፁ እንዳይጠፋብኝ" አሉ እትዬ ፀዳለ። "ከሥሩ ዳንቴል አንጥፌ፣ ከላይም ዳንቴል አልብሼ፣ አቧራ ሳላስነካ ነው የያዝኩት። ትናንት ቃጠሎ ሸተተኝና ጠፋ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው ልጄ።"

ምልኬሳ ፈታው። ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ፋይል መያዣውም እዚያው የተበየደ ነው፣ አብሮ ነዷል። አስር ቀን ታገለው። አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ላከው፤ እሱም መልሶ ላከው። እትዬ ፀዳለን ሲያስጠራቸው ፊቱን አይተው ገና ሳይናገር ተቀመጡ።

"ዳንቴሉ ነው አይደል? እኔው ነኝ ያፈንኩት?"

ላፕቶፑን ሲፈታ ማራገቢያው ላይ የተጠመጠመውን የዳንቴል ነጭ ክር በእጁ ነቅሎ አውጥቶ ነበር።

"አይደለም እትዬ። አሠራሩ ነው። ጽፌላቸውም ነበር።"

"እና ምን አሉህ?"

"አመሰገኑኝ።"

እትዬ ፀዳለ ላፕቶፑን መልሰው ታቀፉ። "ሌንሳ አባቴ ምን አለኝ ብትለኝ ምን እላታለሁ? እኔም እኮ አልሰማሁትም" አሉ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ምርቃቱ ሲደርስ ሌንሳ ተንበረከከች፤ አጎቷ መረቁ፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ምልኬሳም ተጠርቶ ነበር። ሱቁን ከፍቶ ዋለ።