ለምስክርነት ብዬ የጣልኩት ኪኒን

መጀመሪያ የመጣብኝ ላብ ነው። ብዙ ሰው ሳልን ይጠብቃል፤ እኔ ግን ሁለት ወር ያህል ጠዋት ስነሣ አንሶላዬን ርሶ አገኘው ነበር። ባለቤቴ አበበች "ምን ሆነህ ነው?" ስትለኝ "ብርድ መቶኝ ነው" እላታለሁ። ብርድ ደግሞ በእኛ አገር ያልተሳበበበት በሽታ የለም። ቀጥሎ ምግብ አስጠላኝ። ሱሪዬ ከወገቤ መውረድ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትንሽ ያተኩሰኛል። ሳሉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ነበር። ቀን ቀን አንድ ጋራዥ ውስጥ ንብረት ክፍል እሠራለሁ። ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜዬ የምእመናን ነው፤ መጋቢ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ዓመታት አልፈው ስለነበር አሥርም አሥራ አምስትም እየሆንን በየቤቱ እንሰበሰብ ነበር። እሁድ ከሰዓት ሰዉ አንድ በአንድ፣ ጊዜ እያሳለፈ ይገባል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ለስላሳ እናስቀምጣለን፤ የቀበሌ ሰው ድንገት ቢመጣ "ልደት ነው" ለማለት ነው። የአንዲት ሕፃን ልደት በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አክብረናል፤ ልጅቷ እስካሁን ዕድሜዋ የገባት አይመስለኝም። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው፣ ጸሎቱም በሹክሹክታ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚያስል መጋቢ ምን ዓይነት መከራ እንደሆነ አስቡት። ሳሉ ሲመጣብኝ የጋቢዬን ጫፍ አፌ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ፤ ሰዉ ከእኔ ይልቅ ግድግዳውን ያያል፣ ጎረቤት ሰማ አልሰማ እያለ።

አንድ እሁድ ጋቢውን ከአፌ ሳወጣ ደም ነበረበት። አጠፍኩት። ስብከቴን ጨረስኩ። ቤቴ ስገባ ለአበበች አሳየኋት። እሷም ነጠላዋን አነሣችና ወደ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ወጣች።

ሦስት ጠዋት አክታ ሰጠሁ። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ በዕድሜ ገፋ ያለ ቁጡ ሰው ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና "ሳምባ ነቀርሳ ነው" አለኝ። "ቲቢ። ይድናል። ሁለት ወር በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን ትወጋለህ። ኪኒኑን ግን ዓመት ሙሉ ነው የምትውጠው። ይህ በሽታ ሰው የሚገድለው 'ተሻለኝ' ሲል ነው። ሲሻልህ እንዳታቆም። ሰማኸኝ?" ሰምቻለሁ አልኩት። መስማቱንስ ሰምቼ ነበር።

በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ተሰልፌ ተወጋሁ። ከመርፌው ብዛት መቀመጥ አቃተኝ። ምእመናኑ ደግሞ በየፊናቸው ጾሙልኝ፣ ጸለዩልኝ። ራሳቸው የሚበሉት ሳይኖራቸው እንቁላል በእቅፋቸው ሸሽገው ያመጡልኝ ነበር። ሁለት ወሩ ሲያልቅ ሳሉ ጠፋ። በሦስተኛው ወር ሱሪዬ ወገቤ ላይ ቆመ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በእኛ ዘንድ እግዚአብሔር የፈወሰው ሰው ከጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። ዝም ካለ ክብሩን እንደ ሰረቀ ይቆጠራል። አንድ እሁድ ጋሽ በቀለ፣ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ "ወንድሜ፣ እስከ መቼ ትደብቀዋለህ? መስክር እንጂ!" አለኝ። ተነሣሁ። በዚያ ሰሞን ሁለት ወንድሞች ታስረውብን ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ደስ የሚል ነገር ተርቧል። ያንን ረሃብ ፊታቸው ላይ አየሁ። የማጠግባቸው እኔ መሰለኝ። "ድኛለሁ" አልኩ። እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? "ኪኒኑንም ጥዬዋለሁ!" ብዬ ጨመርኩበት።

አልጣልኩትም። ብልቃጡ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ሰዉ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ሃሌ ሉያ" እያለ አለቀሰ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ቤቴ ስገባ ከብልቃጡ ጋር ተፋጠጥን። ብውጠው ምእመናኑን ዋሽቻለሁ። በሚቀጥለው እሁድ ቆሜ "ተሳስቻለሁ" እንዳልል ደግሞ አፈርኩ። ስለዚህ ምስክርነቴ እውነት እንዲሆን ብዬ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። አቤት ሞኝነት! ቃሌን ማረም ሲገባኝ ለቃሌ ብዬ ነፍሴን ጣልኩ። ያን ጊዜ ግን ያደረግኩት ነገር እምነት እንጂ ሌላ አልመሰለኝም።

በዚያ ምስክርነት ቀን በሩ አጠገብ አስካለ ተቀምጣ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች እናቷን የምታስተዳድር ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እሷም የእኔው በሽታ ነበረባት፤ መድኃኒቱንም የጀመረችው ከእኔ ቀደም ብላ ነው። ሰዉ ተራ በተራ ሲወጣ ወደኋላ ቀረችና "ጋሼ፣ እኔስ?" አለችኝ።

"አንቺስ ምን?"

"ኪኒኑ ያቅለሸልሸኛል። እንደ እርስዎ ብተወውስ?"

ምን ማለት እንደነበረብኝ ዛሬ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔ ግን አሁን መስክሬ፣ አሁን ሃሌ ሉያ ተብሎልኝ፣ በየት በኩል "አንቺ ዋጪ" ልበላት? "እሱ እንደ እምነትሽ ነው" አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

አራት ወር ደህና ነበርኩ። በአምስተኛው ላቡ ተመለሰ። ከላቡ በኋላ ሳሉ። ሳሉን ከአበበች ለመደበቅ ጓሮ እየወጣሁ እስላለሁ፤ ለምእመናን ደግሞ ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ የስብከቱን ተራ ለሌላ ሰጠሁ። ጸሎቴም ተበላሸ። "ፈውሰኝ" ማለት ትቼ "አታጋልጠኝ" እል ጀመር። እግዚአብሔርን የገዛ ስሜ ጠባቂ ላደርገው ስታገል ሰነበትኩ። አበበች አንድ ቀን ጓሮ ድረስ ተከትላ መጥታ መሬት ላይ የተፋሁትን አየች። "ለማን ብለህ ነው የምትሞተው?" አለችኝ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ያው ሐኪም ነው የተቀበለኝ። አዲሱን ፊልም ከአሮጌው ጎን ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። "ማን አቁም አለህ?"

"ራሴ ነኝ።"

"አማኝ ነህ አይደል? አውቃችኋለሁ።" ድምፁ የተናደደ አልነበረም፤ የደከመ ነበር። "ከአንተ ጋር ስንት ሰው አቆመ?"

አስካለን ካየኋት አምስት ሳምንት ሆኖኛል። ዩኒፎርም በዝቶባታል ተብሎ ነበር። ከጤና ጣቢያው ቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድኩ፤ ከሚካኤል ጀርባ ነው። የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። አስካለ አልጋ ላይ ናት። ጉንጯ ሟሙቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ "የጨርቁ ብናኝ ነው ደረቷን የያዛት" አሉኝና ውሃ ሊቀዱ ወጡ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምን ብዬ ጋሼ? እርስዎ ድነዋል። እኔ ነኝ እምነት ያነሰኝ። ብናገር የእርስዎን ምስክርነት የማሰድብ መሰለኝ።"

"አልዳንኩም" አልኳት። "ከወር በላይ ደም እየተፋሁ ነው።"

ብትቆጣ ምን ነበረበት። "ታዲያ ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?" አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደሚያዝን ሰው።

በማግስቱ ሆስፒታል ተኛች። መድኃኒቱ እንደገና ተጀመረላት። ለእኔም ተጀመረልኝ፤ ዳግም ስለሆነ ዓመት ከመንፈቅ ተባልኩ። በሚቀጥለው እሁድ ከዳቦውና ከለስላሳው ፊት ቆሜ ለምእመናኑ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ያን ቀን ብልቃጡ ኪሴ ውስጥ እንደነበር፣ አስካለን ምን እንዳልኳት፣ የት እንደተኛች። ጋሽ በቀለ ራሱን ይዞ አቀረቀረ። ሦስት ሰዎች ከዚያ ወዲህ አልመጡም፤ አልፈርድባቸውም።

አስካለ ሰባት ሳምንት ታገለች። ነሐሴ ላይ ሞተች።

ድንኳኑ ውስጥ ወይዘሮ ትርንጎ "ደህና ስትውጥ የነበረችውን ልጄን ምን አስተዋት?" እያሉ አለቀሱ። ከጎኔ የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀምጧል። ብናገር ስብሰባው ይታወቃል፣ ሰው ይታሰራል። ዝም አልኩ። ምክንያቴ እውነት ነበር። ግን ልንገራችሁ፤ በዚያ ምክንያት ሥር ተደብቄ እፎይ ብያለሁ። ምክንያት ሲገኝ ፈሪ ሰው ምን ያህል ደስ እንደሚለው ያን ቀን አወቅሁ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። ወይዘሮ ትርንጎ የሚካኤል ሰው ናቸው፤ የልጃቸውን መንገድ አይወዱትም ነበር፤ እኔንም እንደዚያው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳቸው። አልጮኹም። አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። "አንተስ ትውጣለህ?" አሉኝ።

"እውጣለሁ።"

"ይዘኸዋል?"

ከኪሴ አወጣሁት። ገብተው ውሃ በጣሳ ይዘው መጡ። "እፊቴ ዋጥ" አሉ። ዋጥኩ። "በየወሩ እየመጣህ የመድኃኒት ካርድህን አሳየኝ። አሁን ሂድ፤ ፊትህን ማየት አልችልም።"

ከዚያ በኋላ ያለው ማገገም ነው፤ ማገገም ደግሞ አሰልቺ ነገር ነው፣ ብዙ የሚወራለት የለውም። ሁለተኛው ዙር መርፌ ግራ ጆሮዬን ወሰደው፤ መጀመሪያ እንደ ፌንጣ ይጮህብኝ ነበር፣ ኋላ ጭራሹን ዝም አለ። በሹክሹክታ ለሚጸልይ ጉባኤ ግማሽ ደንቆሮ መጋቢ ምን ያደርጋል? የሰዎችን ልመና ለመስማት አጠገባቸው ሄጄ ቀኙን ጆሮዬን ወደ አፋቸው ማስጠጋት ነበረብኝ፤ እንዲህ ቀርቤ ስሰማቸው ደግሞ ከስብከቴ ሁሉ በፊት ይህን ማድረግ እንደነበረብኝ ገባኝ፣ ብዙዎቹ የሚፈልጉት የሚያጽናና ነገር ሳይሆን ሳያፍሩ "አመመኝ" የሚሉት ሰው ነበርና። በዓመቱ እስከ ገርጂ ሜዳ ድረስ ሳላርፍ በእግሬ መሄድ ቻልኩ፤ ጤፉ አረንጓዴ ነበር፣ አበበች አብራኝ ነበረች፣ በመንገድ ላይ ስለ ስኳር ወረፋ እያማረረች ስትስቅ እኔም ሳላስል ሳቅሁ። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ዛሬም አለ። የሳምባዬ ነው ወይስ የልቤ፣ መለየት ትቻለሁ።

ይህን በሽታ ይዛችሁ የምታነቡኝ፣ እንደ መጋቢ ሳይሆን እንደ በሽተኛ ልምከራችሁ። አክታችሁን ስጡ፤ አትፈሩ። መርፌው ጆሮአችሁ ውስጥ ጩኸት ካስነሣ ዛሬውኑ ለሐኪም ንገሩ፤ እኔ ችዬ ዝም ብዬ ነው የደነቆርኩት። ጸልዩ፤ እኔም እጸልያለሁ። ከጸሎት በኋላ ዋጡ። እግዚአብሔር በኪኒን መፈወስ አያሳፍረውም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ተሻለኝ ስትሉ ዋጡ፣ ካርዱ እስኪያልቅ ዋጡ። "ተወው" የሚላችሁ ሰው ካለ፣ እንደኔ የሚያለቅስ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ምእመናንን የምትመሩ ደግሞ፣ "አላውቅም፣ ሐኪምሽን ጠይቂ" ማለትን ተለማመዱ። ክብር የሚቀንስ ይመስላል። ይቀንስ።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ። አበበችን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ወይዘሮ ትርንጎን፤ ፊትህን ማየት አልችልም ብለውኝም በየወሩ በራቸውን ከፍተውልኛል።

መድኃኒቱን የጨረስኩ ዕለት ካርዴን ይዤ ሄድኩ። አሥራ ስምንቱም ወር ምልክት ተደርጎበታል። ወይዘሮ ትርንጎ ማንበብ አይችሉም። ካርዱን ተቀብለው ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ ሌላ ካርድ አወጡና ከእኔው ጎን አስቀመጡት። የአስካለ ነው፤ ኪኒኑን ከማቆሟ በፊት የያዘችው። ባዶ የቀሩትን ቤቶች በጣታቸው ቆጠሩ።

"አምስት" አሉኝ። "አምስት ወር ብቻ ነበር የቀራት።"